ልጅ አይቆጠርም

በሐምሌ ጅዳ ውስጥ እንኳን ሰው ድመትም ከጥላ አይወጣም። በዚህ ሙቀት፣ በባግዳዲያ ሰፈር ባለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የወሎዋ ሀፍሳ የቀዝቃዛ ባሕር አውሬ ስትቆጥር ትውላለች ቢባል ማን ያምናል? ያገሯ ሰው ቢሰማ "ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው" ብሎ ዱዓ ያስደርግላት ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ ለዚያውም ኮምፒዩተር ፊት ወንበር ተሰጥቷት።

ማዳሟ ዓኢሻ የተማረች ሴት ናት። ባል የላትም፤ የሀፍሳ ካፊል፣ ማለትም ሕጋዊ ዋሷ፣ የማዳም ወንድም ነው። ማዳም ሥራዋን የምትሠራው ከቤት ነው። ሩቅ ሰሜን ባሕር ላይ ያሉ ደሴቶች ላይ ድሮን እየበረረ ከላይ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶው ጅዳ ድረስ ይመጣል፣ ማዳም ደግሞ ድንጋዩ ላይ የተኙትን የፉቅማ ግልገሎች ትቆጥራለች። ፉቅማ ፂም ያለው፣ በእግር ፈንታ ክንፍ የመሰለ መቅዘፊያ ያበቀለ፣ ግማሹን ከውሻ ግማሹን ከዓሣ የተዋሰ የባሕር አውሬ ነው። መጽሐፍ የሚያውቁ ሰዎች በአማርኛ አቆስጣ ይሉታል። ሀፍሳ ግን አገሯ ሳለች ስሙንም መልኩንም ሰምታ ስለማታውቅ ማዳም እንደምትጠራው ትጠራዋለች።

ሥራው ሀፍሳ ላይ የወደቀው የማዳም ባልደረባ ወልዳ ቤት ስትቀር ነው። ደንቡ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት ሰው ለየብቻ እንዲቆጥረው ነው፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ሌላ ሰው እስኪገኝ ማን ይቁጠር? "ዓይን ካለሽ ይበቃል" አለቻት ማዳም። "ነጭ ጨቅላ ባየሽ ቁጥር ጫን በይ፣ ቀይ ነጥብ ይወጣል። ኸላስ፣ ይኸው ነው።" ሀፍሳም ወጥ ቤቱን ስትጨርስ እጇን አድርቃ ትቀመጣለች፣ ትጫናለች። እውነቱን ለመናገር ከመጥረጊያው ይልቅ ይኼኛውን ወዳዋለች። ወገብ አይቆርጥም።

አንድ ችግር ብቻ ተፈጠረ። የሀፍሳ ቁጥር ከማዳም ቁጥር ሁልጊዜ በአንድ ያንሳል። ግልገሉ ቢበዛም ቢያንስም በአንድ። ማዳም መጀመሪያ መነጽሯን ቀየረች። ቀጥላ ኮምፒዩተሩን ጠርጥራ አጥፍታ አበራችው። በመጨረሻ ሀፍሳን ጠረጠረች።

"ያ ሀፍሳ፣ ሰው ሲሳሳት አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴ በአምስት ይሳሳታል። ሁልጊዜ በአንድ የሚሳሳት ሰው አላየሁም። ምንድን ነው ነገሩ?"

ሀፍሳ የቀሚሷን ጫፍ አሻሸች። ምን ትበል? እነሱ አገር ከብት አይቆጠርም፣ ልጅ ደግሞ ጭራሽ። የተቆጠረ ይጎድላል። "ስንት ልጅ አለሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ወይ ባለጌ ነው ወይ የመንግሥት ሰው ነው፤ መልሱም "አላህ የሰጠኝን ያህል" ነው። የአውሬም ቢሆን ጨቅላ ያው ጨቅላ ነው፤ እናቱ ጎን ተጋድሞ፣ የተወለደበት ፀጉር ገና ያልረገፈ። ስለዚህ ሀፍሳ ሁሉንም ትቆጥርና አንዱን ሳትነካ ትተዋለች።

"አንዱን እተወዋለሁ" አለች በመጨረሻ። "ሁሉም ከተቆጠሩ ዓይን ይበላቸዋል።"

ማዳም ልትስቅ ብላ ተወችው። ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ስሚኝ። ትልልቆቹን መቁጠር አንችልም፤ ባሕር ውስጥ ናቸው፣ ይጠልቃሉ፣ ይርቃሉ። ግልገሎቹ ግን የብስ ላይ ናቸው። እነሱን ቆጥረን ነው የቀረውን የምንገምተው። ከዓመታት በፊት በሽታ ገብቶ ፈጅቷቸው ነበር። አሁን አገግመዋል ወይስ አላገገሙም የሚለውን የሚነግሩን ግልገሎቹ ብቻ ናቸው። ግልገል ከበዛ መንጋው እየተመለሰ ነው። አንቺ ከየፎቶው አንድ ከቀነስሽ ትንንሾቹ ደሴቶች ላይ ሦስት የነበረው ሁለት ይሆናል፤ እኛም እያለቁ ነው ብለን እንጽፋለን። ማሻአላህ በይና ሁሉንም ቁጠሪ።"

ሀፍሳ ግራ ገባት። እናቷ እንዳለችው ከሆነ ብትቆጥር ትገድላለች፤ ማዳም እንዳለችው ከሆነ ባትቆጥር ትገድላለች። የማዳም እንጀራ የቀረበ ነውና ማሻአላህ እያለች ሁሉንም መቁጠር ያዘች። በየፎቶው መጨረሻ ላይ ግን ጣቷ ይከብዳታል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ አልለቃት አለ። የእናቷም ቤት እንደዚያ ደሴት ነው። ትልልቆቹ ባሕር ተሻግረዋል፤ እሷ ጅዳ፣ ወንድሟ ሱሩርና ሚስቱ ሳሊማ መካ፣ ኩዳይ። እዚያ የቀሩት ጨቅሎቹ ናቸው፤ የሷ ሁለቱ፣ የሱሩር ሦስቱ፣ የሟች እህቷ አንዱ። ሁሉም ያያታቸው ልጆች ናቸው። ከነሱ መሀል ትልቋ የሀፍሳ በድሪያ ናት። ሀፍሳ ስትሰደድ በድሪያ ጥርሷን እንኳ አልጣለችም ነበር። ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች።

ሀፍሳ ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ቤት ያሸችው ለዚህች ልጅ ነው። ራሷ የመጣችው በየመን በኩል በእግሯ ነው። በዚያ በረሃ ያየችውን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ያገኘችውም ስንት መከራ አይታ ነው። አንድ ነገር ግን በየስልኩ ትናገራለች፦ "እኔ የሄድኩበትን መንገድ ልጄ አትሄድበትም። በድሪያ ትማር።" ድካሟን የምትችለው በድሪያ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ስትገባ እያሰበች ነው። ይህች ልጅ ካገር ከወጣች የሀፍሳ ልፋት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው።

አገር ሰላም ሲያጣ መስመር ተቋርጦ ብዙ ከርሟል፤ ድምፅ አይመጣም ነበር፤ ፎቶ እንኳ ድሮም የሚያነሳ አልነበረም። ከረመዳን ወዲህ ግን ሽምብራ ነጋዴው አብዱልመጂድ በመንደሩ ሲያልፍ ልጆቹን በር ላይ አሰልፎ ያነሳል፣ ከተማ ሲገባ ይልከዋል። የመጀመሪያው ፎቶ የደረሳት ቀን ሀፍሳ እስክሪኑን ስማ ስማ ወዙን አለበሰችው። ጫፍ ላይ የቆመችው ሻሽ ያሰረች ልጅ፣ ክብ ፊት፣ ስትስቅ ጉንጯ የሚሰረጉድ፣ ይህች ናት እንግዲህ በድሪያ። እንዴት አማረባት! ፎቶውን የስልኳ ፊት ላይ አደረገችው። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው ያንን ክብ ፊት ሆነ።

ማዳም መቁጠር ባስተማረቻት ሰሞን ሌላ ፎቶ መጣ። ሀፍሳ ወጥ ቤት ቆማ ከፈተችውና፣ ዓመል ሆኖባት፣ ጣቷ በየልጁ ፊት ላይ ማረፍ ጀመረ። ከመጨረሻው ልጅ ዘንድ ስትደርስ ደንግጣ ጣቷን ሰበሰበች። ከዚያ "ማሻአላህ" ብላ ጨረሰችው። ስድስት። ልክ ነው፣ አንድም አልጎደለም። በሕይወቷ የቤተሰቧን ልጆች ስትቆጥር የመጀመሪያዋ ነበር። ፈራች፤ ግን ደግሞ ደስ አላት። መንጋው ሙሉ ነው፣ በሽታ አልገባም፣ ጦር አልነካም። ያን ቀን የሠራችው የሩዝ ከብሳ ለማዳምም ጣማት።

ደስታዋ ሳምንት አልቆየም። አንድ ከሰዓት ማዳም "ነይ እስቲ ይህን እዪ" ብላ ጠራቻት። አንድ ደሴት ላይ፣ እዚያ ያሉት ሠራተኞች ከግልገሎቹ አንዳንዶቹን ጀርባቸው ላይ ቀለም ይቀቧቸዋል፤ እንዲለዩ።

"ቁጥሩ ካለፈው ፎቶ ጋር አንድ ነው፤ አንቺም እኔም እኩል ነው ያገኘነው። ግን ሰማያዊ ቀለም የተቀባው የለም።"

"ቁጥሩ እኩል ከሆነ እንዴት አይኖርም?"

"ሌላ መጥቶ ቦታውን ሞልቶታላ። ከጎን ካለው ዳርቻ እየተሳበ ይመጣል። ያኛው ወይ ሞቷል፣ ወይ ሳይደርስ ባሕር ገብቷል።"

"ቁጥሩ ግን ልክ ነው።"

"ቁጥሩ ልክ ነው" አለች ማዳም፣ ሻይዋን እየጠጣች። "ለዚህ ነው ቀለም የሚቀቧቸው።"

ሀፍሳ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን አወጣች። ክቡን ፊት አየችው። የበድሪያ አባት ነፍሱን ይማረውና ፊቱ ረዘም ያለ ነበር፣ የሷም ረዘም ያለ ነው። ልጅ በአያት ይወጣል ብላ ራሷን አጽናናች። ግን አያቶቹም ክብ ፊት የላቸውም። ጎረቤታቸው ተውፊቅ ነው ክብ ፊት። ተውፊቅ ደግሞ ከበድሪያ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደች ልጅ አለችው፤ ከነሱ ቤት የማትጠፋ፣ ከበድሪያ ጋር ከአንድ ሳህን የምትበላ። "አዑዙ ቢላህ፣ ምን ያሳስበኛል" አለች ሀፍሳ። ሐሳቡ ግን አንዴ ገብቷል። ለመሆኑ መስመሩ ከተከፈተ ወዲህ የበድሪያን ድምፅ ሰምታ ታውቃለች? አታውቅም። አብዱልመጂድ የልጆቹን ድምፅ ቀርጾ ሲልክ ሁሉም ተራ በተራ ሰላም ብለዋታል፣ "በድሪያ ጉንፋን ይዟት ነው" ተብሏል። አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ቁርአን ቤት፣ አንዴ ምን።

እናቷ ገበያ ወጥታ ከአብዱልመጂድ ሱቅ የምትደውልበት ቀን እስኪደርስ ሀፍሳ ሁለት ብርጭቆ ሰበረች፣ ሩዙ ላይ ጨው ደገመች። ማዳም ምን እንደነካት ብትጠይቃት "ምንም" አለች። ምን እንደሆነ እሷም አታውቅማ።

ስልኩ ጠራ። ሰላምታው እንደወጉ ረዘመ፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠየቀ።

"እማ፣ በድሪያን አገናኚኝ።"

"ውኃ ወርዳለች።"

"ባለፈውም ውኃ ወርዳለች ብለሽኛል።"

"ውኃ አንዴ ተወርዶ ያልቃል እንዴ?"

ሀፍሳ ትንፋሿን ሰበሰበች። "እሺ፣ ስንት ናቸው ልጆቹ አሁን እቤት ያሉት?"

ወዲያ ማዶ እናቷ ተቆጣች። "ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ዐረብ አገር ገብተሽ ወጉንም ጣልሽው? ምን ሸይጧን ነው የያዘሽ?"

እናቷ እውነቷን ነበር የተቆጣችው፤ ግን ቁጣው መሸሸጊያም ሆኗት ነበር። ያለመቁጠርን ያህል ምቹ መደበቂያ የት ይገኛል? ሀፍሳ ይህ አሁን ገና ገባት።

"እማ፣ ባላህ ይሁንብሽ። ፎቶው ላይ ጫፍ የቆመችው የማን ልጅ ናት?"

እናቷ በቀጭን ድምፅ፣ "ከኔ አፍ አትስሚው ልጄ። ሱሩርን ጠይቂው" አለች። ስልኩም ተዘጋ።

ሀፍሳ እዚያው የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። አገሯ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሞተ ሰው ካለ ዘመድ ይመረጣል፣ ሰውየው ይጠራል፣ ቤት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ውኃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። "ሱሩርን ጠይቂው" ማለት ለወሎ ሰው ሌላ ትርጉም የለውም። ለሱሩር ደወለች። እሱም "በስልክ አይሆንም ሀፍሱ፣ ነይ" አላት። አለቀ።

ማዳም ድምፅ ሰምታ መጣች። "ማን ሞተ?"

"ልጄ መሰለችኝ።"

"መሰለችኝ ማለት? ነገሩሽ?"

"አልነገሩኝም።"

"ታዲያ በምን አወቅሽ?"

"ስላልነገሩኝ ነዋ ያወቅሁት" አለች ሀፍሳ። ማዳም ይህን ጨርሳ አልገባትም። ቢሆንም ራሷ ታክሲ እስከሚገኝበት ባብ መካ ድረስ በመኪናዋ አድርሳት፣ ኢቃማዋን መያዟን ጠይቃ፣ አቅፋት ተመለሰች።

መካ ድረስ መንገዱ አጭር ነው። አብረዋት የተሳፈሩት ለዑምራ የሚሄዱ ናቸውና ለበይክ እያሉ ይጓዛሉ። ሀፍሳ ዱዓ ልታደርግ አፏን ከፈተች፤ ግን ምን ብላ ትለምን? ለሞተ ሰው ምሕረት ይለመናል፣ ላለ ሰው ዕድሜ ይለመናል። ልጇ ከየትኛው ወገን እንደሆነች እርግጠኛ አይደለችም። "ያረቢ፣ አንተ ታውቃለህ" ብላ ተወችው። መሀል መንገድ ላይ አንድ ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋት፦ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጣቴን ፊታቸው ላይ አሳርፌያለሁ። እናቴ ያለችው ደረሰ፤ የተቆጠረ ጎደለ። ነገር ግን ፎቶው ላይ የነበረችው ሌላ ከሆነች በድሪያን መች ቆጠረቻት? ያልተቆጠረችው ናት የጎደለችው። ይህን ባሰበች ቁጥር ዞረባት።

ሱሩር ኩዳይ፣ የሐጃጅ አውቶቡሶች በሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ነው ቤቱ፤ ሥራውም አውቶቡስ ማጠብ ነው። መንገድ ወጥቶ ሲጠብቃት አገኘችው። ዓይኗን አላያትም። ቦርሳዋን ተቀበላት።

"ሱሩር፣ በድሪያ የት ናት?"

"መጀመሪያ ግቢ። አረፍ በይ።"

"ቆሜ እሰማዋለሁ።"

"አብሽሪ፣ ግቢ ብቻ።"

አብሽሪ፣ አይዞሽ የሚባለው መከራ ለደረሰበት ሰው እንደሆነ ሀፍሳ ታውቃለች። ክንዷን ይዞ አስገባት።

ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። ግድግዳውን ተደግፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ ያገሯ ልጆች ናቸው፣ አንዳንዶቹን አታውቃቸውም። ሁሉም ሲያዩዋት ብድግ አሉ። የሚስቅ የለም፣ የሚያወራ የለም። ሳሊማ ጫማዋን አወለቀችላት፣ መሀል ላይ አስቀመጠቻት፣ ትከሻዋን ያዘቻት። አንዲት ትልቅ ሴት "እንግዲህ ልጄ፣ የአላህን ውሳኔ በትዕግሥት መቀበል ነው" ብላ ጀመረች። ሀፍሳ ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ኢና ሊላሂ ብላ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። አለቀሰች፣ ደረቷን መታች፣ ልጇን በስሟ ጠራቻት፤ በአሥር ዓመት ያልወጣው ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ተያዩ። ትልቋ ሴት ንግግሯ መሀል ላይ ቀረ።

በዚህ መሀል ከበሩ ጥግ አንዲት ልጅ ውኃ ይዛ መጣች። ከሲታ ናት፤ ፀሐይ ያከሰለው ረጅም ፊት፣ የተሰነጣጠቀ ከንፈር። ሀፍሳ ፊት ተንበረከከች። ዕንባዋ ይወርዳል። ሀፍሳ ሐዘኗ መሀል ሆናም ልጅቷ አሳዘነቻት። የማያውቃት ሰው እንኳ ለልጄ አለቀሰላት ብላ፣ እጇን ዘርግታ ራሷን ዳበሰቻት።

"በቃ አታልቅሺ፣ የኔ እናት" አለቻት። "የማን ልጅ ነሽ?"

"ያንቺ" አለች ልጅቷ።

ሀፍሳ እጇ ልጅቷ ራስ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷን አየችው። ጠዋት ጠዋት ስትስመው የኖረችው ፊት አይደለም፤ የትም አይታው አታውቅም። ሳሊማ ከጎኗ ተጣድፋ ትናገር ጀመር፤ ልጅቷ በየመን በኩል መጥታ ከገባች ቀናት እንደሆናት፣ እናቴ ካወቀች ትመልሰኛለች ብላ ሁሉንም እንዳስማለቻቸው፣ አያቷም አንቺ እንዳትሰጊ ብላ የተውፊቅን ልጅ በቦታዋ ታስቆም እንደነበር፣ እነዚህ ሴቶች ደግሞ ማሪልን ብለው ሊለምኑላት ለሽምግልና የተጠሩ እንጂ ለቅሶ የመጡ እንዳልሆኑ። ሀፍሳ ትሰማለች፤ ቃሉ ይገባታል፣ ነገሩ ግን አይገባትም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ደስም ብሏታል። ልጅቷን ጎትታ ደረቷ ላይ ጣለቻት፤ ጀርባዋን ስትይዘው አጥንቷን አገኘችው። በዚያ በረሃ መንገድ ላይ የሚሆነውን ታውቀዋለች፤ በልጇ ላይ ምን እንደሆነ ግን መጠየቅ ፈራች።

ለቅሶዋ ግን አልቆመም፣ ባሰበት እንጂ። ልጇን አግኝታለች፤ ያቺ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት የምትገባዋ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስለሷ ወለል የተወለወለላት በድሪያ ግን የለችም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሌለችም አልታወቀም። ሳሊማ ግራ ገብቷት፣ "ሀፍሱ፣ ምን ሆንሽ፣ ልጅሽ እኮ ናት፣ በሕይወት አለች" ትላታለች። ሀፍሳም ልጅቷን እንዳቀፈች፣ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እያለች ታለቅሳለች።